መልእክት ቀጠሮ ይያዝለት

ድሬዳዋን የሚያውቅ ሁሉ ታይዋንን ያውቃል። ስሙ የሩቅ ደሴት ስም ነው፤ ቦታው ግን እዚሁ የእኛው ገበያ ነው። ስልክ የሚገዛ፣ ቻርጀር የተበላሸበት፣ ለእኅቱ ሽቶ ለራሱ ጫማ የሚፈልግ ሰው ሁሉ ወደዚያ ያመራል። ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳም ቢሆን ዘመዶቹን ሰላም ካለ በኋላ «ታይዋን በየት በኩል ነው?» ማለቱ አይቀርም።

በታይዋን ሁለት ዓይነት ገበያተኞች ይታያሉ። አንደኛው ከቤቱ ሲወጣ የሚገዛውን ዕቃና የሚከፍለውን ገንዘብ ቆርጦ የመጣ ነው፤ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ይገዛል፣ ይሄዳል። ሁለተኛው «እስቲ ምን አለ?» ብሎ የገባ ነው። ይህ ሰው ከሱቅ ወደ ሱቅ ሲዘዋወር ይቆይና በመጨረሻ እሱ ያሰበውን ሳይሆን ነጋዴው ሊሸጥ የፈለገውን ዕቃ ተሸክሞ ይወጣል። ነጋዴው አልበደለም፤ ሥራው መሸጥ ነው። ጥፋቱ ያለ ሐሳብ ገበያ የገባው የገዢው ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ከታይዋን ገዝተን በኪሳችን የያዝነው ስልክ ራሱ ሌላ ታይዋን መሆኑን ልብ ብለነው እናውቃለን? የድሬዳዋው ገበያ ሲመሽ በሩን ዘግቶ ያድራል፤ በኪሳችን ያለው ግን አይዘጋም። የድሬዳዋው ገበያ ካልሄድንበት አይመጣብንም፤ በኪሳችን ያለው ግን በመሥሪያ ቤት፣ በክፍል ውስጥ፣ በምሳ ገበታና በመኝታ ላይ ሳይቀር እየመጣ ይጎትተናል። ከዚህ ገበያ ሳንርቅ ሥራችንንም ሳንበድል እንዴት መኖር እንደምንችል ነው ዛሬ በዚህ ዓምድ ላነሣ የወደድኩት።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ስልክን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። አዲስ ነገርን ቀድሞ መቀበል ለድሬዳዋ እንግዳ ጠባይ አይደለም። ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ገና 14 ዓመት ያህል ቀርቶት ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም በአገራችን የመጀመሪያው የግል የቴሌኮም ድርጅት ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ፣ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የሙከራ አገልግሎቱን የጀመረው በዚህችው ከተማ ነው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ገንዘብ ለመላክ ባንክ ቤት ተሰልፎ መዋልን አስቀርቷል። መጽሐፍ መግዛት ያቃተው ተማሪ በቴሌግራም አውርዶ ያነባል። ልጇ ዐረብ አገር ያለች እናት በኢሞ ፊቷን እያየች ታነጋግራታለች። ይህን ሁሉ ጥቅም አይቶ «ስልኩን ጣሉት» የሚል መካሪ ቢመጣ የሚሰማው አያገኝም፤ ባይሰማም ተገቢ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ስልኩ ሲጠራን እኛ ሁልጊዜ «አቤት» ስንል ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ከተጠቃሚው የመግቢያ ዋጋ አይጠይቁም። ገቢያቸው በአብዛኛው ከማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያውን ማየት የምንችለው ደግሞ ዐይናችን በመስታወቱ ላይ እስካለ ድረስ ስለ ሆነ፣ ዐይናችን እንዳይነሣ ብዙ ብልሃት ተሠርቷል። ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ አለው። መጽሐፍም «ተፈጸመ» ብሎ ያሰናብታል። የእነዚህ ገጽ ግን ታች የለውም፤ ጣት ባንሸራተተ ቁጥር ሌላ ሥዕል፣ ሌላ ጨዋታ፣ ሌላ ጠብ ይመጣል። ለአምስት ደቂቃ ብሎ የከፈተ ወጣት ቀና ሲል አንድ ሰዓት መሄዱን የሚያየው ስለዚህ ነው። ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም ይባል ነበር፤ ዛሬ ግን ተጭኖ በኪሳችን ገብቷል።

ጉዳቱ የባከነው ሰዓት ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይቻል ነበር። የባሰው ጉዳት በሥራ መካከል የሚደርሰው መቋረጥ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ግሎሪያ ማርክ የተባሉ ተመራማሪ የቢሮ ሠራተኞችን ውሎ ለብዙ ዓመታት እየለኩ አጥንተዋል። አንድ ሠራተኛ ከሥራው ከተቋረጠ በኋላ ወደዚያው ሥራ ለመመለስ በአማካይ 23 ደቂቃ ያህል እንደሚወስድበት፣ በመካከሉም ሌላ ሌላ ነገር ሲነካካ እንደሚቆይ አስተውለዋል። እኒሁ ሴት እ.ኤ.አ. በ2004 ሲለኩ ሰው በአንድ ገጽ ላይ ዐይኑን ሳያነሣ የሚቆየው ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ሲለኩ ግን ወደ 47 ሴኮንድ ወርዶ አገኙት። ከሁሉም የሚያስደንቀው ሰውን ከሥራው የሚያቋርጠው ሌላ ሰው ብቻ አለመሆኑ ነው። ግማሽ ለመሆን ጥቂት በቀረው ጊዜ ሠራተኛው ማንም ሳይጠራው ራሱን በራሱ ያቋርጣል።

ይህን ወደ እኛ መሥሪያ ቤት እናምጣው። አንድ ወጣት ጸሐፊ የአንድን ባለጉዳይ ደብዳቤ እያዘጋጀ ነው እንበል። ባለጉዳዩ ከመልካ ጀብዱ በጠዋት ተነሥቶ የመጣ ሽማግሌ ነው። በመካከሉ ስልኩ ይጮኻል፤ በቴሌግራም ቡድን ውስጥ ስለ ትናንቱ የእንግሊዝ አገር ኳስ ክርክር ተነሥቷል። ጸሐፊው አንድ መስመር ይጽፋል፣ ይስቃል፣ ይመለሳል። ሲመለስ የመዝገቡን ቁጥር 3 ማለት ሲገባው 8 ብሎ ይገለብጣል። ሽማግሌው ደብዳቤውን ተቀብሎ ወደሚቀጥለው መሥሪያ ቤት ሲሄድ «ቁጥሩ አይገጥምም፣ አሠርተው ይምጡ» ይባላል። የአንድ ደቂቃ ሣቅ ለአንድ ሰው የአንድ ቀን መንገድ ሆነበት ማለት ነው። ጸሐፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሽማግሌውንም አባቴ ብሎ ነው የሚጠራው። ነገር ግን ሐሳቡ በሁለት ቦታ ነበር።

ተማሪውም እንዲሁ ነው። የሒሳብ ጥያቄ የሚፈታው እንደ ክር ነው፤ አንዱ እርምጃ ሌላውን እየሳበ ይሄዳል። በመካከል ከተበጠሰ መነሻውን እንደገና መፈለግ ግድ ነው። በክፍል ውስጥ እንደማየው፣ ደብተሩን ለሦስት ሰዓት ዘርግቶ አንድ ሰዓት ብቻ ያጠና ልጅ፣ ሦስት ሰዓት ያጠና ስለሚመስለው ፈተናው ሲያቅተው ጥፋቱን በአእምሮው ላይ ይጥላል። «እኔ ሒሳብ አይገባኝም» ይላል። ይህ ከባከነው ሰዓት ይልቅ ያሳዝናል፤ ልጁ ሳይሞክር ተስፋ ቆርጧልና።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? አንዳንዱ ሰው ፈጽሞ መቁረጥ ነው ይላል። መቁረጥን ደግሞ አገራችን ሞክራዋለች። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ላይ ወጥቶ ስለ ተገኘ ተሰርዞ በሌላ ጊዜ መሰጠቱ ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ በፈተና ሰሞን ማኅበራዊ መገናኛው ወይም ኢንተርኔቱ በሙሉ የተዘጋባቸው ዓመታት ነበሩ። በሌላ ምክንያትም ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ተገድበው ነበር። ሕዝቡ ምን አደረገ? ብዙው ቪ.ፒ.ኤን. እየጫነ በጓሮ በር ገባ፤ ያልቻለው ደግሞ እስኪከፈት ጠበቀ። በተከፈተ ጊዜ ሁሉም ወደ ቀድሞ ልማዱ ተመለሰ። ሌላ ሰው የቆለፈው በር ለባለቤቱ መቆለፍን አያስተምረውም።

ፈተናውም ቢሆን ያው ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው ያለ ስልክ ተፈተኑ፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ይህ ሁሉ በስልክ ምክንያት ነው የሚል ሰው ቢኖር ይሳሳታል፤ የመጽሐፍ፣ የመምህርና የትምህርት ቤት ጉድለት አለበት። ነገር ግን አንድ ነገር አይካድም፤ በፈተናው ቀናት ስልክ መከልከሉ ከፈተናው በፊት የነበሩትን ወራት አይመልስም። እነዚያን ወራት የሚጠብቃቸው ተማሪው ራሱ ብቻ ነው።

ፈጽሞ መቁረጥ እንደማይበጅ፣ ልቅ መተውም እንደማይጠቅም የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። በሕንድ አገር የተደረገው ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ነው። አጥኚዎቹ 237 ባለ ስልኮችን ለሁለት ሳምንት ከፋፍለው ተመለከቱ። አንዳንዱ መልእክቱ እንደ ወትሮው በመጣ ጊዜ ሁሉ ይደርሰዋል፤ አንዳንዱ በየሰዓቱ ተጠራቅሞ ይደርሰዋል፤ አንዳንዱ በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ይደርሰዋል፤ አንዳንዱ ምንም አይደርሰውም። የተሻለ የሠሩት፣ ልባቸው የረጋውና ጊዜያቸውን መግዛት የቻሉት በቀን ሦስት ጊዜ የተቀበሉት ሆኑ። ምንም ማሳወቂያ ያልደረሳቸው ግን «ምን አምልጦኝ ይሆን?» እያሉ የባሰ ተጨነቁ።

ከዚህ የምንማረው ቀላል ነው። መልእክት ቀጠሮ ይያዝለት።

ቀጠሮ ደግሞ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የአገራችን የገጠር ገበያ የራሱ ቀን አለው፤ ገበሬው በቀረው ቀን እርሻው ላይ ይውላል። ድሬዳዋም ከባቡር ጋር የተወለደች ከተማ ስለሆነች የሰዓትን ነገር ከባቡር ተምራለች። ደብዳቤም ሆነ ዕቃ የሚጠብቅ ሰው የባቡሩን መድረሻ ሰዓት ያውቅ ነበር እንጂ ቀኑን ሙሉ ጣቢያ ተገትሮ አይውልም ነበር። በአገራችን የፖስታ ልማድም ደብዳቤ በየቤቱ በር እየዞረ ሲያንኳኳ የኖረ አይደለም። የፖስታ ሣጥን ያለው ሰው ቁልፉን ይዞ፣ በሚመቸው ቀን ሄዶ፣ ከፍቶ፣ ያለውን ወስዶ ይመለሳል። ቁልፉ በባለቤቱ እጅ ነበር። በስልክ መልእክትም ቁልፉን ወደ እጃችን መመለስ እንችላለን።

ይህን በሥራ ለማዋል የሚረዱ ጥቂት ነገሮችን ልጥቀስ።

አንደኛ፣ ሰዓት ቁረጡ። ለምሳሌ ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል፣ ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ፣ በእያንዳንዱም 20 ደቂቃ ያህል። ለሥራው እንደሚመች ማዛወር ይቻላል፤ የጠዋቱን መጀመሪያ ግን አትንኩት። በድሬዳዋ አየሩ ሳይግል ያለችው የጠዋት ሰዓት ወርቅ ናት፤ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ የሚገኘው ጉልበት የዚያን ግማሽ አይሆንም። ከባዱን ደብዳቤ፣ ከባዱን ምዕራፍ፣ ከባዱን ሒሳብ በዚያች ሰዓት ጨርሱ።

ሁለተኛ፣ አስቸኳዩን ከተራው ለዩ። ለቤተሰብ፣ ለወዳጅና ለሥራ ባልደረባ «አስቸኳይ ከሆነ ደውሉልኝ፤ ካልሆነ ጻፉልኝ» ብላችሁ አስታውቁ። ስልኩ ላይ ያለው «አትረብሹኝ» የሚያሰኘው ማስተካከያ የተመረጡ ሰዎች ሲደውሉ እንዲጮኽ፣ ሌላው ግን በጸጥታ እንዲጠብቅ ያደርጋል። የእናትን ስልክ ክፍት አድርጎ የኳሱን ክርክር መዝጋት ይቻላል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የቡድኖችን ድምፅ አጥፉ። የክፍል ጓደኞች ቡድን፣ የሠፈር ዕድር ቡድን፣ የመሥሪያ ቤት ቡድን፣ የዘመድ ቡድን፣ የሰርግ ኮሚቴ ቡድን እያለ አንድ ሰው ሃያ ቡድን ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ሰርጉ ካለፈ ስንት ወሩ? ያለቀለትን ውጡበት፤ የሚያስፈልገውን ድምፁን አጥፍታችሁ በቀጠሮው ሰዓት አንብቡት።

አራተኛ፣ በሥራና በጥናት ጊዜ ስልኩን ከዐይን አርቁት፤ በቦርሳ ወይም በሌላ ክፍል ይቀመጥ። «ማንቂያዬ እሱ ነው» ለሚል ሰው ታይዋን ወይም ከፊራ ገበያ ሲወጣ አንዲት ርካሽ ደወል ያላት ሰዓት ይግዛ። ያን ጊዜ ስልኩ ከራስጌ የሚያድርበት ምክንያት አይኖርም። የሌሊት ኢንተርኔት ጥቅል በርካሽ ስለሚሸጥ ብዙ ተማሪ እኩለ ሌሊትን ይጠብቃል። ጥቅሉ ረክሶ ሊሆን ይችላል፤ በማግሥቱ ክፍል ውስጥ የሚከፈለው እንቅልፍ ግን ርካሽ አይደለም።

አምስተኛ፣ ስንጽፍ ለሌላው ሰው ጊዜ እንዘን። የእኛ ሰላምታ ረጅምና ያማረ ነው፤ በስልክ ግን ሰላምታው ይቆራረጣል። «ሰላም» ይልካል። ቆይቶ «እንዴት ነህ?» ይላል። ቆይቶ «ጠፋህ» ይላል። ዋናው ጉዳይ የሚመጣው በአምስተኛው ነው፤ አምስት ጊዜ ስልኩ ጮኾ ሰውየው አምስት ጊዜ ከሥራው ተነሥቷል። አባቶቻችን ደብዳቤ ሲጽፉ ጤና ጠይቀው፣ የራሳቸውን ደኅንነት ነግረው፣ ጉዳያቸውን አስከትለው፣ ሁሉንም በአንድ ፖስታ አሽገው ይልኩ ነበር። እኛም ሰላምታና ጉዳይ በአንድ መልእክት እንላክ፤ ጨዋነቱ አይጎድልም፣ ሥራውም አይበደልም።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አንደኛው ከወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። «አለቃዬ ትእዛዝ የሚሰጠኝ በቴሌግራም ነው፤ ዘግይቼ ብመልስ ሰነፍ ተብዬ እቀራለሁ» ይላል። እውነት አለው። ለዚህ የሚሻለው ተደብቆ ከመዘግየት ይልቅ ቀርቦ መናገር ነው። «ጌታዬ፣ አስቸኳይ ሲሆን ይደውሉልኝ፣ ወዲያው እነሣለሁ፤ የቀረውን ረፋድና ከምሳ በኋላ እያየሁ በዕለቱ መልስ እሰጣለሁ» ቢላቸው ብዙ አለቆች እሺ ይላሉ። አለቃ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው መልእክቱ እንዳልጠፋና ሥራው በዕለቱ እንደሚያልቅ ማወቅ ነው። እሺ ያላለ አለቃ ቢያጋጥም የመሥሪያ ቤቱን ቡድን ብቻ ክፍት አድርጎ ሌሎቹን መዝጋት ይቻላል። ከሃያ አሥራ ዘጠኙን መዝጋትም ትልቅ ድል ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው። «በአገራችን ወሬ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም፤ መንገድ ተዘግቶ እንደሆነ፣ ዘመዴ ያለበት ቀበሌ ሰላም መሆኑን ማወቅ አለብኝ» የሚል ነው። ይህን ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ወሬ በመጀመሪያው ደቂቃ የሚያመጣው ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ ያላጣራ ሰው ነው። ዘመድ ያለበትን ቦታ ሰላምነት ለማወቅ ለዘመዱ መደወል ከሺህ ገጽ ይበልጣል። ያልተጣራውን ተቀብሎ ለሌላ ማስተላለፍ ደግሞ ሰውን ማስደንገጥ ብቻ ሳይሆን፣ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት ለመከላከል በወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሊያስጠይቅም ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለዚህ ነው። ጠዋት የሰማነውን ረፋድ ላይ ተጣርቶ ብናነበው ያጣነው ነገር የለም።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ጀምራችሁ ፈጽሙት አልልም። ከአምስቱ አንዱን ብቻ መርጣችሁ ለሁለት ሳምንት ሞክሩት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅ ወደ ኪስ መሄዱ አይቀርም፤ ልማድ ነውና። ከሳምንት በኋላ ግን ደብዳቤው ሳይታረም ያልቃል፤ ምዕራፉም በአንድ መቀመጥ ይነበባል። ያን ጊዜ ከመልካ ጀብዱ የመጣው ሽማግሌ ጉዳዩን ጨርሶ፣ መርቆ፣ በጊዜ ወደ ቤቱ ይገባል። ስንቱ ባለጉዳይ በዚህ ሳምንት ደብዳቤውን ይዞ ይመለስ ይሆን? መልሱ ያለው ነገ ጠዋት በየጠረጴዛችን ላይ ነው።